በገዛ መቀሴ የቆረጥኩት አጎበር

ሕመሙ የጀመረኝ ዳንግላ ላይ ነው፤ ጋሪ ላይ ተቀምጬ። ጥቅምት አጋማሽ ነበር፣ የገበያ ቀን። ለሥራ የሄድኩበትን ጉዳይ ጨርሼ ወደ መናኸሪያ ስመለስ ከማጅራቴ ተነስቶ ዓይኔ ጀርባ የሚቆም ራስ ምታት ያዘኝ። ጋሪው በየጉድጓዱ ሲዘል ጭንቅላቴም አብሮት ይዘላል።

«ቀስ በልልኝ እንጂ ወንድሜ» አልኩት ባለጋሪውን።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ፈረሱን እንቅልፍ ይወስደዋል» አለኝ።

በጋሪው አሳብቤ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ ወገቤንና ጉልበቴን ይቆረጥመኝ ጀመር፤ እሱን በወንበሩ ጥበት አሳበብኩ። ቆሰበር ስደርስ መንቀጥቀጥ መጣ። ከተማችን በወረቀት እንጅባራ ናት፤ እኛ ግን ቆሰበር ብለን ስለለመድን አንተውም። ቆሰበር ላይ ሰው ሲንቀጠቀጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጥቅምት ውርጭ ነው፤ ባጃጅ የሚነዳው ሳይቀር ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ነው የሚነዳው። እኔም ከሚንቀጠቀጡት አንዱ ሆኜ ቤቴ ገባሁ።

ይህን የምጽፈው ትኩሳት ይዟቸው «ብርድ ነው፣ ምች ነው፣ ድካም ነው» እያሉ ለተኙ ሰዎች ነው። ከእነሱም ይልቅ «እኔማ አውቃለሁ» ለሚሉት ነው። ከእነዚህ ዋነኛው እኔ ነበርኩና።

ስሜ ይበልጣል ነው። ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ሥራዬን ካላወቃችሁ የጅልነቴ ልክ አይገባችሁም። እኔ የወባ ትንኝ ክትትል ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጃዊ ቆላ ትንኝ ስይዝ፣ ዝርያዋን ስለይና ስቆጥር ኖሬአለሁ። አማቴ አያ ዳምጤ፣ ገብስና ድንች አምራች ናቸው፤ ፈረስ እንደ ልጅ የሚወዱ ሰው። ልጃቸውን ትርንጎን ላገባ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ሥራዬን ጠይቀው ሲነገራቸው፣ «ቆጥሮስ ምን ያደርጋታል?» ብለው ነበር። ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ከሰላምታው አስከትለው «ስንት ደረሱ?» ይሉኛል።

በታመምኩበት ዓመት ጣና ሐይቅ ላይ ያሉ ደሴቶችን ለሚከታተል ቡድን በውሰት ተሰጠሁ። ደሴት ለእኛ ሥራ ልዩ ቦታ ነው። ዙሪያው ውኃ ስለሆነ ትንኝ እንደ ልቧ ወጥታ አትገባም፤ አዲስ እንግዳ ከመጣችም አብዛኛውን ጊዜ ከሰውና ከጭነት ጋር በጀልባ ተሳፍራ ነው። ሐይቁ በክረምት ሞልቶ ሲመለስ ዳር ዳሩን ኩሬ ይተዋል፤ ከብት የረገጠው ሁሉ ውኃ ይቋጥራል። እዚያ ውስጥ የትኛዋ ዝርያ እንደምትራባ፣ የትኛዋ ቤት ገብታ የትኛዋ ደጅ ላይ እንደምትነክስ ካልታወቀ፣ የሚረጨው መድኃኒትም የሚታደለው አጎበርም በግምት ይሆናል። በግምት የተረጨ መድኃኒት ግድግዳ ከማጠብ አያልፍም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ ሰው ከሚተኛበት አጠገብ በባትሪ የሚሠራ ወጥመድ እንሰቅላለን፤ ትንሽ መብራትና ትንሽ ማራገቢያ አለው። አንድ ሰው አጎበር ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ትንኟ የሰውየውን ሽታ ተከትላ ትመጣለች። አጎበሩ ይከለክላታል። መግቢያ ፍለጋ ስትዞር ማራገቢያው ስቦ ያስቀራታል። ጠዋት ወጥመዱን ፈትተን የተያዙትን እንለያለን። በአጭሩ፣ የሚተኛው ሰው ማባበያ ነው፤ በእሱና በትንኟ መካከል ያለው አጎበሩ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት አጎበር መድኃኒት ያልተነከረ ነው፤ መድኃኒት ካለው ትንኞቹን አባርሮና ገድሎ ቆጠራውን ያበላሽብናል።

ደሴቱ ላይ የማድረው እማማ የዝና የሚባሉ አሮጊት ቤት ነበር። ልጃቸው በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር ስለሚከርም ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ምራታቸው ፍቅርተ ናት። ፍቅርተ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። የራሷ አጎበር አርጅቶ ተተልትሎ ነበር። አዲስ መድኃኒት የተነከረ አጎበር በሚቀጥለው ወር እንደሚታደል ተነግሯቸው እየጠበቁ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ወደ ማታ ከእማማ የዝና የከብት በረት ግድግዳ ላይ ብዙ የወባ ትንኝ በሕይወት ያዝኩ። በእኛ ሥራ ይህ ሲሳይ ነው። ትንኞቹን የምናስቀምጠው በወረቀት ኩባያ ውስጥ ነው፤ አፉን በወንፊት ጨርቅ ሸፍነን በላስቲክ እናስራለን። ኩባያዎቹን ደርድሬ ጨርቁን ብፈልግ የለም። ጥቅሉን ባልደረባዬ ጌትነት ይዞት ወደ ሌላው ደሴት ተሻግሯል። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ትንኞቹ ስቤ በያዝኩባቸው መምጠጫ ቱቦ ውስጥ ሆነው ይጠብቁኛል።

መቀስ አወጣሁ። የራሴን አጎበር ጫፍ ያዝኩና ከመዳፌ ትንሽ የሚበልጥ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ከአንድ ቦታ ቆረጥኩ። ከታች ነው የቆረጥኩት፣ ከፍራሹ ሥር ከሚታጠፈው በኩል። ታጥፎ ስለሚደበቅ ምንም አይል ብዬ ነው። እማማ የዝና በሩ ላይ ቆመው ጥጥ እየፈተሉ ያዩኛል። አንዴ እንዝርታቸውን ቆም አደረጉና መልሰው አሾሩት። እኔም በብልሃቴ ተደስቼ ኩባያዎቹን አሰርኩና ወጥመዴን ሰቅዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ የአጎበሩ አንድ ጎን ከፍራሹ ሥር ወጥቶ ነበር። ከውስጥ፣ ከራስጌዬ በኩል፣ ሆዳቸው የቀላ ሦስት አኖፊለሶች፣ የወባ ትንኞች ማለት ነው፣ ተለጥፈዋል። እንግዲህ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ ደንግጦ ሰውነቱን ያካል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ቀስ ብዬ አንድ በአንድ ይዤ አንድ ቱቦ ውስጥ አስገባሁና በገዛ እጄ «ደም የጠገቡ፣ ከአጎበር ውስጥ፣ ሦስት» ብዬ ጻፍኩበት። ከበረት ጥጃ ጠጥተው፣ እኔ ስነሳ ገብተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቁርጭምጭሚቴን እያከክሁ ነበር ይህን ያሰብኩት።

ስሰናበት አጎበሩን ጥቅልል አድርጌ ለፍቅርተ ሰጠኋት። «መድኃኒት ባይኖረውም አዲሱ እስኪመጣ ከምንም ይሻላል» አልኳት። እማማ የዝና መረቁኝ። ጀልባው ላይ ሆኜ ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጥሬ እጄን አውለበለብኩላቸው። ቀዳዳው ጨርሶ ከልቤ ጠፍቶ ነበር።

ዳንግላ ላይ ራሴን ያመመኝ ከዚያ በዐሥረኛው ቀን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን በሁለት ጋቢና በአንድ ብርድ ልብስ አለፍኩት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ መጣ፤ ማስታወክም ተከተለ። ትርንጎ አስተማሪ ናት፤ ከተማሪ ጋር ስለምትውል ሰበብ ይገባታል።

«ደሴት ከርመህ ነው የመጣኸው። ሄደህ ተመርመር» አለችኝ።

«ወባ አይደለም። አጎበር ውስጥ ነው ያደርኩት» አልኳት።

«ባይሆንስ ብትመረመር ምን ትሆናለህ?»

«እኔን ነው ስለ ወባ የምታስተምሪኝ?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ቢሆን ትርንጎ ሲያሻት እያወጣች ታነብልኛለች። መብራት አጥፍቻለሁ ብዬ ሳላጠፋ ስቀር፣ መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ስጠፋ፣ ቀስ ብላ «እኔን ነው የምታስተምሪኝ?» ትለኛለች።

ጎረቤቶች መጡ። ምች ነው ተባለ፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ተሰጠኝ። ጠጣሁ፣ ታጠንኩበትም። ለምች የሚደረገውን ሁሉ በቅንነት ነው ያደረጉልኝ። ዳማ ከሴው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ መመርመር እንዳለብኝ እያወቅሁ ያልሄድኩት የእኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኜ ትኩሳቱ ሲለቀኝ «ይኸው ተሻለኝ» ብዬ ፎከርኩ። ወባ ይዞ፣ ለቆ፣ መልሶ እንደሚይዝ ለስንት ሰው አስተምሬአለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ጠቆረ።

አየሁት። የከባድ ወባ ምልክት እንደሆነ አውቅ ነበር። ለትርንጎ ልነግራት ከመጸዳጃ ቤት ወጣሁ። በሩ ላይ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

የማስታውሰው የባጃጅ ጣሪያ ነው። ሰማያዊ ነበር። የትርንጎ እጅ ደረቴ ላይ ነበር። ስሜን ትጠራለች። እሰማታለሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ፈራሁ። ትንኝ ስቆጥር በኖርኩበት ዕድሜ ወባን ፈርቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ፈራሁት።

ሆስፒታል ጣቴን ወጉኝ። ፈጣን ምርመራው ሁለት መስመር አሳየ፤ ወባ አለ ማለት ነው። የደም ፊልሙም ተሠርቶ በማይክሮስኮፕ ታየ። ሐኪሟ ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

«ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ነው፤ ከወባ ዓይነቶች ክፉው» አለችን። «ፓራሳይቱ በደም ውስጥ ብዙ ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ሄሞግሎቢናቸውም ወርዷል። ይህ ከባድ ወባ ነው። በደም ሥር አርቴሱኔት አሁን እንጀምራለን።»

«ይድናል?» አለች ትርንጎ።

«ቀድመው ቢመጡ ይሻል ነበር። ግን ደርሰዋል። ይህ መድኃኒት ቶሎ ይሠራል» አለች ዶክተሯ።

መርፌው ገባ። ግሉኮስ ተሰቀለ። ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ተሰጠኝ። በማግስቱ ሦስተኛው። ከሁለተኛው በኋላ መቀባዠሬ ቆመ፤ ንግግሬም እየጠራ መጣ።

ዶክተር ሕይወት በማግስቱ ጠዋት ስትዞር ቅጽ ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። የት እንደከረምኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«አጎበር ይጠቀሙ ነበር?»

«አዎ፣ በየቀኑ።»

«ቀዳዳ ነበረው?»

የለውም ልል አፌን ከፈትኩ። መቀሱ ታየኝ። እንዝርቱ ታየኝ። ሦስቱ ቀያይ ሆዶች ታዩኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ጥቅልሉን ተቀብላ እጅ የነሳችኝ ፍቅርተ ታየችኝ።

አጎበሩ እሷ ጋ ነው። የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ዐሥራ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ በሰጠኋት ቀዳዳ ሥር ተኝታለች። ፋልሲፓረም እርጉዝ ሴት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለጤና ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። እናትየዋን ደም ያሳጣታል። ጽንሱን ያስወርዳል። ይህን በሥዕል እያሳየሁ ተናግሬአለሁ።

ልነሳ ሞከርኩ። ዶክተሯ በትከሻዬ ይዛ መለሰችኝ።

«ቀዳዳው» አልኩ። «የፍቅርተ አጎበር! ፍቅርተ አጎበር ውስጥ…»

ትርንጎ በዚያው ቅጽበት ሾርባ ይዛ ገባች። ቆም አለች።

«ፍቅርተ ማን ናት?» አለች።

ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ ሳላቸውን አቋርጠው ጆሮአቸውን አቀኑ። እኔ ትንፋሽ እያጠረኝ ስለ ኩባያው፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ እርጉዟ ልጅ ነገርኳት። ትርንጎ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሾርባውን አስቀመጠችና ስልኬን ከትራሴ ሥር አወጣች።

«የማን ቁጥር ነው ያለህ?» ብቻ ነው ያለችኝ። በሕይወቴ ያን ያህል የወደድኳት ጊዜ የለም።

እማማ የዝና ቤት ስልክ የለም። የነበረኝ የባለጀልባው የደመቀ ቁጥር ነው። ደሴቱ ላይ ኔትወርክ የሚያዘው ጀልባ የሚቆምበት ዳርና ኮረብታው ላይ ብቻ ነው፤ ደመቀ ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ቦታ ሁሉ የሚገኝ ሰው ነው። ትርንጎ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደደወለች አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ጥላዋን በበሩ አያለሁ። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ምግብ ቀምሻለሁ፤ ዶክተሯ ጥሩ ነው ብላኛለች። እኔ ግን አልዳንኩም ነበር። ኮርኒሱን እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔ ደም በአርቴሱኔት ሲጸዳ የእሷ ምን እየሆነ ነው?

ወደ ማምሻው ላይ ደመቀ አነሳ። ትርንጎ በአስተማሪ ድምፅ ሁለት ጊዜ አስረዳችውና መልሶ እንዲነግራት አደረገች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዞ እንዲሄድ፣ ፍቅርተ ትኩሳት ባይኖራትም ደሟ እንዲታይ፣ አጎበሩም ወዲያው እንዲታይ። «እሽ፣ እሽ» አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኩ ጠራ። ትርንጎ አነሳች፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አፌ አጠገብ ያዘችልኝ። ነፋስና የጀልባ ሞተር ይሰማል። ከዚያ ስልክ ሲያወሩ ማዶ ያለውን ሰው የሚጣሩ የሚመስላቸው የእማማ የዝና ድምፅ መጣ።

«ይበልጣል! ልጄ! ታመምህ አሉኝ፤ እግዜር ይማርህ!»

«እማማ፣ ፍቅርተ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት። የጤናዋ ልጅ መጥታ ጣቷን ወጋቻት፤ ምንም የለባትም አለች። ይኸው ፍቅርተ አጠገቤ ቆማለች።»

«አጎበሩስ? አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው እማማ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«አውቃለሁ እንጂ። የሄድክ ዕለት ሰፋሁት።»

እሳቸው መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ጨመሩበት። «ሰፋሁት እኮ! ከአሮጌው አጎበር ደኅናውን ቦታ ቆርጬ ጣፍኩበት! እሷን በቀዳዳ ውስጥ አስተኛታለሁ እንዴ?»

«ሲያዩኝ ነበር» አልኩ። «ስቆርጥ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

«ለሥራህ መስሎኝ ነዋ ልጄ። ትንኝ የሚያጠና ሰው አጎበሩን ሲቆርጥ፣ እኔ ምኑን አውቄ እጠይቃለሁ? እንድትገባልህ መንገድ እየከፈትክላት ነው ብዬ ነበር።»

ስቄ አላውቅም እንደዚያ። ትርንጎም ሳቀች፤ በድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ስለነበር ሽማግሌውም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸውና ነርሷ ሮጣ መጣች። ስቄ ስጨርስ ፊቴ እርጥብ ነበር። ያን ቀን ቀትር ላይ የቀረበልኝን ምግብ ጠርጌ በላሁ፤ የዳንኩት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው ብል አላጋነንኩም።

አርቴሱኔቱን ስጨርስ የሦስት ቀን የኮአርተም ኪኒንና አንድ ጊዜ የምትዋጥ ፕሪማኩዊን ተሰጥቶኝ ቤቴ ገባሁ። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ስለሚቀበለው አያ ዳምጤ በየቀኑ ወተት በፈረስ ያመጡልኝ ጀመር፤ ከፈረሱ ሳይወርዱ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው ያዩኝና ጣሳውን ለትርንጎ ሰጥተው ከፈረሱ ጋር በአዊኛ እያወሩ ይመለሳሉ፤ ስለ እኔ የሚያወሩ ቢመስለኝም አንድ ቀን እንኳ ምን እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ግን ወርደው ገቡ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ፊቴን በደንብ ካዩ በኋላ፣ «ሲቆጥራት የኖረውን ሰው ትንኟም ቆጠረችው በለኛ» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ትንሽ ቆዩ። እኒያ ሰውዬ እጄን ሲይዙኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ለማገገም ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደብኝ። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ከዚያ ከበር እስከ አጥሩ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እስከ አስፋልቱ ድረስ እየሄድኩ ገብስ የጫኑ ፈረሶች ሲያልፉ፣ ተማሪዎች ሲወጡ፣ ባለባጃጆች ሲጨቃጨቁ ቆሜ አያለሁ፤ ከሕመሙ በፊት ሰላሳ ዓመት ያየሁት ነገር ሁሉ ለእኔ ሲባል እንደ አዲስ የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያውን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ስበላ ምላሴ ጣዕሙን መልሶ ሲያውቀው የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ ትርንጎ «ድንች እኮ ነው» ብቻ አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ጌትነት ደወለልኝ። ናሙናዎቹን እየለየ ነበር።

«አንድ ቱቦ ላይ ያንተ ጽሑፍ አለ» አለኝ። «ደም የጠገቡ፣ ከአጎበር ውስጥ፣ ሦስት። አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናቸው። የማን ደም ይመስልሃል?»

«የጥጃ ነው ብዬ ነበር» አልኩት።

«ጥጃው አሁን እንዴት ነው?» አለኝ።

ሥራ ስጀምር የመጀመሪያ ጉዞዬ ወደዚያው ደሴት ሆነ። ትርንጎ የወንፊት ጨርቅ ሁለት ጥቅል በቦርሳዬ፣ አንድ ደግሞ በካፖርቴ ኪስ አስገባችልኝ። መቀሴን አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። አዲሱ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ለቤት ሁሉ ደርሶ ነበር፤ ፍቅርተ በእሱ ሥር ትተኛለች። የእኔን አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀምጣልኛለች። አወጣሁና ጣፉን አየሁት። በብርሃን ላይ አድርጌ፣ በጣቴ ዳስሼ፣ በማጉያ መነጽሬ ሳይቀር አየሁት፤ ስፌቱ ደቃቅና ጥብቅ ነው፣ አንዲት ትንኝ ቀርቶ እግሯ እንኳ አይገባም። በታኅሣሥ መጨረሻ ፍቅርተ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ደመቀ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደውሎ ነገረን፤ ስልኩን ያነሳችው ትርንጎ ናት፤ እልል ስትል ጎረቤት የተጠራ መስሎት መጣ።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሕይወቴን ለመለሰችልኝ ዶክተር፣ ጣቴን ለወጉኝ፣ ሌሊትና ቀን መርፌውን በሰዓቱ ላደረሱ ነርሶች፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለወጣው ደመቀ፣ በየቀኑ ወተት ላመጡልኝ አማቴና ለፈረሳቸው። ለትርንጎ የማቀርበውን እዚህ አልጽፈውም፤ እቤት አለችና በአፌ እነግራታለሁ።

ምክሬ አጭር ነው። ደጋ ውስጥ የምትኖሩ፣ ቆላ ወይም ሐይቅ ዳር ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ፣ በሳምንቱም በወሩም ትኩሳት ከያዛችሁ በብርድ አታሳብቡ። በዚያው ቀን ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ሐኪም ሳይጠይቃችሁ የት እንደከረማችሁ ተናገሩ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብላችሁ አትመለሱ፤ ይመለሳል። የታዘዘላችሁን ኪኒን ቢሻላችሁም ጨርሱት። እርጉዝ ሴት ካለች ቤታችሁ ውስጥ በጣም ደኅናው አጎበር የእሷ ይሁን፤ ከመተኛቷም በፊት ይታይ። እውቀት ያለው ሰው ሲሳሳት ካያችሁ ደግሞ ለሥራው ነው ብላችሁ አትለፉት። ጠይቁት። ቢቆጣም ጠይቁት። እኔም እቆጣ ነበር፤ ግን መቀሱን አስቀምጥ ነበር።

ዛሬ ደሴት ስሄድ አዲስ ልማድ አለኝ። አመሻሽ ላይ ወጥመዱን ከሰቀልኩ በኋላ አጎበሬን ይዤ እማማ የዝና ፊት እቆማለሁ። እሳቸው እንዝርታቸውን ያስቀምጡና ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ከታች፣ ጎኑን ሁሉ በጣታቸው ያዩታል። ሕፃኗ በፍቅርተ ጀርባ ላይ ሆና ታየናለች። ከዚያ አጎበሩን ይመልሱልኝና «ግባ» ይሉኛል።

እገባለሁ።